እግር የሌላት መንኮራኩር

ጥብቄ የሰፋችው ነገር ተተርትሮ አያውቅም። ይህን የምትለው እሷ አይደለችም፤ እሷማ ስለ ሥራዋ ሲወራ አንገቷን ደፍታ የጠፋ መርፌ የምትፈልግ ትመስላለች። የሚሉት በእሷ ጃንጥላ ከሰማይ የወረዱ አብራሪዎች ናቸው። አውሮፕላናቸው እሳት ተነስቶበት፣ ነፍሳቸውን ለእሷ ስፌት አደራ ሰጥተው የዘለሉ ሰዎች፣ አቧራቸውን በቅጡ ሳያራግፉ "የሰፋችው የቷ ናት?" እያሉ ወርክሾፑ ድረስ ይመጣሉ። አንዱ ጺማም አብራሪማ አቅፏት እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ፣ "ኧረ ጨርቁን አታርጥብብኝ፣ ነገ የሚዘልበት ሰው አለ!" ብላ ገፋ አድርጋዋለች። ሰውየው እያለቀሰ ሳቀ።

ጥብቄ የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የሚሠሩበት ቤት ረጅም አዳራሽ ነው፤ ነጭ ሸራ ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋባቸው ጠረጴዛዎች መካከል የስፌት መኪናዎቹ ቀኑን ሙሉ ሲያጓሩ ይውላሉ። ቤቱ አንድ ያልተጻፈ ልማድ አለው። በንድፉ ላይ የታዘዘው ስፌት ካለቀ በኋላ፣ ሰፊዎቹ ክሩን ከመቁረጣቸው በፊት ጨርቁን ወደ ኋላ መለስ አድርገው እላዩ ላይ ደገም ያደርጉበታል። "ምርቃት" ይሉታል፤ ባለሱቅ ስኳሩን መዝኖ ሲያበቃ እፍኝ ጣል እንደሚያደርገው ማለት ነው። ተቆጣጣሪዎቹም አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ሰው ተንጠልጥሎ ለሚወርድበት ነገር ጭማሪ ቢደረግለት ማን ይጠላል?

የጥብቄ የእህት ልጅ ከዚያው ግቢ፣ ከወዲያኛው ሕንጻ ትሠራለች። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት ጥብቄ ናት። ዛሬ ስብሰባ ላይ አፏን ስትከፍት ሽበታም ሊቃውንት ብዕራቸውን የሚያነሱላት መሐንዲስ ሆናለች፤ ቁመቷም በር ያስጎነብሳታል። ለአክስቷ ግን ያው ሚጢ ናት። ሚጢ ከባልደረቦቿ ጋር ለዓመታት የለፋችባት አንዲት ትንሽ መንኮራኩር አለች፤ ክብና ሞላ ያለች ስለሆነች ድንቡሼ ይሏታል። ድንቡሼ የምትሄደው ወደ ሳተርን ነው። አንዲት ትልቅ እናት መንኮራኩር ተሸክማ ትወስዳትና ከላይ ትለቃታለች፤ ድንቡሼ ደመናውን ሰንጥቃ ትገባለች፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፣ የምታየውን ሁሉ በሬዲዮ ወደ እናቲቱ ትልካለች። እስከዚህ ድረስ ጥብቄም በደንብ ገብቷታል።

ከዚያ በኋላ ግን ጃንጥላው ድንቡሼን እንዲለቃት ይፈለጋል። ለዚህ የተመረጠው ሁለቱን የሚያያይዝ፣ በሰንሰለት ስፌት የተሰፋ ጠፍር ነው። የዱቄት ከረጢት ከፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ስፌት ያውቀዋል፤ ትክክለኛዋን የክር ጫፍ ካገኙ አንዴ ሲስቧት ከዳር እስከ ዳር ትርርር ብሎ ይፈታል፣ ጫፏ ከጠፋች ግን በጥርስም አይቻልም። በድንቡሼ ጠፍር ላይ ይህችን የክር ጫፍ የምትይዛት አንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ ናት። ሰዓቱ ሲደርስ ዘንጓ ትመዘዛለች፣ ስፌቱ ይተረተራል፣ ጃንጥላው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ድንቡሼም በፍጥነት ወደ ታች ትወርዳለች። ጠፍሩን እንድትሰፋ የተመረጠችው ደግሞ፣ ሌላ ማን ይሆናል፣ ጥብቄ ናት።

በሙከራው ቀን የድንቡሼን ያህል የሚመዝን ብረት በጠፍሩ ተንጠለጠለ፤ ከሥሩም አሸዋ ተከመረለት። መሐንዲሶቹ ተሰበሰቡ። ዘንጓ ተመዘዘች። ብረቱ ንቅንቅ አላለም። ሁሉም አንጋጠው፣ አንገታቸው እስኪደነዝዝ ጠበቁ። ዘንጓ ናት ጥፋተኛዋ ተባለና ሌላ ዘንግ ተሠራ፤ ሌላ ጠፍርም ተሰፋ። ብረቱ አሁንም እንደ ተሰቀለ ዋለ። ይሄኔ የመሐንዲሶቹ አለቃ፣ ትዕግሥቱ በጣም አጭር የሆነው ሰውዬ፣ ሚጢን ለብቻዋ ጠርቶ ቁርጡን ነገራት። "አንድ ሙከራ ብቻ እሰጥሻለሁ። እሱም እምቢ ካለ የመልቀቁን ነገር እንተወዋለን። ድንቡሼ ከጃንጥላው ጋር እንደ ታሰረች ትሄዳለች።"

ሚጢ በዚያ ምሽት አክስቷ ቤት የመጣችው እምቢ ያለውን ጠፍር በቦርሳዋ ይዛ ነው። የእራቱን ሳህን ወዲያ ገፋ አደረገችና ጠፍሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በማጉያ መነጽር የስፌቱን ጫፍ አሳየቻት።

"አክስቴ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

ጥብቄ ጎንበስ ብላ አየችና ፊቷ በራ። "ምርቃት ናታ! አየሻት እንዴ? ዓይን አለሽ አንቺ። አለቃሽ እንኳ አላያትም።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ምርቃት ደግሞ ይታዘዛል እንዴ?"

ሚጢ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። "አክስቴ፣ ጫፉን ቆልፈሽው እኮ ነው! እኛ እንዲተረተር ነው የፈለግነው። ሁሉም ሰው ዘንጓን ሲራገም ነው የከረመው።"

"እንዲተረተር መፈለጋችሁን አንብቤያለሁ። መሬት ከነካች በኋላ መስሎኝ ነዋ!" አለች ጥብቄ፣ አሁን እሷም ቆጣ ብላ። "አብራሪዎቹም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ካረፉ በኋላ ጃንጥላው ነፋስ ይዞ እንዳይጎትታቸው ይፈቱታል። የኔ ጥያቄ በአየር ላይ እያለች ቢተረተርስ የሚል ነው። ለዚያ ነው ምርቃቷን ጠበቅ ያደረግኳት።"

"አየር ላይ እያለች ነው መተርተር ያለበት። ሁልጊዜም አየር ላይ ናት። መሬት የለም።"

"እንዴት የለም?"

"የለማ። ሳተርን የጋዝ ፕላኔት ነው። የሚያርፉበት ነገር የለውም።"

ጥብቄ ይህ አልዋጥላት አለ። ሰው የሌላ ነገር ማጣት ሊገባው ይችላል፤ መሬት ማጣት ግን እንዴት ብሎ ይገባዋል? "ጭጋግም እኮ ጋዝ ነው" አለች። "ከጭጋጉ ሥር ግን መንገዱ አለ። ትውረድ፣ ትውረድ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ትነካለች።"

ሚጢ ተነሳችና አክስቷን እጇን ይዛ ወደ መኝታ ቤት ወሰደቻት። ቁምሳጥኑ ውስጥ ብርድ ልብሶች እስከ ላይኛው መደርደሪያ ተደራርበዋል። የአክስቷን እጅ ከላይኞቹ መካከል አስገባችው፤ በቀላሉ ገባ። ዝቅ አድርጋ ሞከረች፤ ለእጅ ጠበበ። ከሥር ከሥሩ ሲሆን ጣት እንኳ አልገባ አለ።

"ከላይ ያለው ከታች ያለውን ይጫነዋል፣ አይደል? ሳተርንም እንዲህ ነው፤ ጋዙ በራሱ ክብደት እየተጫነ፣ ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር እየወፈረ፣ እየጋለ ይሄዳል። ከዚያ ጋዝ ይሁን ፈሳሽ መለየት ያቅትሻል። ግን 'እዚህ ጋ አለቀ፣ እዚህ ጋ ወለሉ ጀመረ' የምትይበት ቦታ አታገኚም።"

"ከብርድ ልብሱ ሥር ግን የቁምሳጥኑ ወለል አለ።"

"የኔ ምሳሌ እዚህ ላይ ያልቃል" አለች ሚጢ ሳቅ እያለች። "ከመሃሉ ድንጋይና ብረት የተቀላቀለበት ነገር እንዳለ ይገመታል።"

"ኣሃ! አለ አላልሽም?"

"እሱም እንደ ድንጋይ ተለይቶ የተቀመጠ አይመስልም፤ ከላይኛው ጋር እየተቀላቀለ የሚሄድ ነው። ደግሞስ እዚያ ድረስ ማን ደርሶ? ድንቡሼ ገና የመንገዱን ጅማሬ ሳታልፍ ጫናው እንደ ጣሳ ያጨማድዳታል። ከዚያ ሙቀቱ ያቀልጣታል። ከዚያም ትተናለች። የሚወድቅ ስብርባሪ እንኳ አይኖርም፤ ከዚያው ጋዝ ጋር ትቀላቀላለች። ማንም የሠራው ምንም መንኮራኩር እዚያ ሊያርፍ አይችልም።"

ጥብቄ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ልብ በሉ፣ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው አንድ ነገር ነው፤ ከላይ የተለቀቀ ሁሉ ታች በደኅና እንዲደርስ።  "ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ልትልኳት ነው?" አለች። "ግፍ አይደለም?"

"አክስቴ፣ ምድርን ከሰባት መቶ ጊዜ በላይ የሚውጥ ነገር እኮ ነው። ነፋሱ ከኛ አውሎ ነፋስ በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ከላይ ያለው ደመና የአሞኒያ በረዶ ነው፤ እሱን ከሩቅም አይተነዋል። የውሃው ደመና ግን ከታች፣ ጨለማው ውስጥ ነው። ማንም አልገባበትም። ምን ያህል ውሃ እንዳለው ብናውቅ፣ ያ ግዙፍ ነገር እንዴት እንደተፈጠረ፣ የኛም ምድር እንዴት እንደተፈጠረች ፍንጭ እናገኛለን።" ሚጢ ከአጠገቧ ተቀመጠች። "እናት መንኮራኩሯ ከላይ የምትቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ካለፈች በኋላ የድንቡሼን ድምፅ የሚሰማ የለም። ጃንጥላው አለቅም ካለ ድንቡሼ እላይ ተንሳፍፋ፣ የምናውቀውን ስትነግረን ጊዜው ያልቃል። ጃንጥላሽ በጣም ጎበዝ መሆኑ ነው ያስፈራን።"

ጥብቄ ተነስታ ቁምሳጥኑን ዘጋች። ሚጢም ጠፍሩን አጣጥፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በነጋታው ጥብቄ ለመጨረሻው ሙከራ የሚሆነውን ጠፍር ልትሰፋ መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ያለ ምርቃት ልትጨርስ ለራሷ ነግራለች። የስፌቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ጨርቁን መለስ አደረገ፣ እግሯ ፔዳሉን ረገጠ፣ ምርቃቷም ተሰፋች። ተረተረችና እንደገና ሞከረች። እግሯ እንደገና ረገጠ። "አንተ ደንቆሮ!" አለችው እግሯን፣ ጎረቤቷ ያለችው ሰፊ ቀና ብላ እስክታያት ድረስ። እውነቱን ለመናገር እግሯ አልደነቆረም። ሰው ከከፍታ እየጣለ ያለ እየመሰለው ነው እሺ ያላለው፤ የእሷም ልብ ከእግሯ ጋር ነበር።

እኩለ ቀን ላይ መኪናዋን አጥፍታ ወደ ወዲያኛው ሕንጻ ሄደች። ድንቡሼ ያለችበት ክፍል አቧራ የማይገባበት ስለሆነ ጎብኚ የሚያየው በመስታወት ነው። ጥብቄ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ አየቻት። ቀደም ሲል በዚህ መስታወት ብዙ መንኮራኩሮችን አይታለች። ወደ ጨረቃ የሚሄደው አራት እግር ነበረው፣ ወደ ቀይዋ ፕላኔት የተላከችው ጎማዎች። አንዱማ ድንጋይ ላይ ሲወድቅ እንዲነጥር ከሥሩ የሚነፋ ትራስ ተሠርቶለት ነበር። ድንቡሼን የሚሠራት ሰው ልክ በዚያ ሰዓት በመቆሚያዋ ላይ ቀስ አድርጎ አዞራት፤ ጥብቄም የድንቡሼን ሆድ አየች። ልሙጥ ነው። እግር የለም፣ ጎማ የለም፣ ትራስ የለም። እንድትቆም ያሰበላት ሰው የለም።

በድርብርብ ብርድ ልብስ ያልገባት ነገር ያኔ ገባት። እነዚህ ሰዎች መሬት ረስተውባት አይደለም። እያንዳንዷን ብሎን የሠሩላት እየወረደች እንድታይ፣ እየወረደች እንድትናገር ነው፤ ከዚያ በላይ ምንም አልጠየቋትም። ያችን የምታክል ፍጥረት ማንም ባልገባበት ጨለማ ውስጥ ብቻዋን ትወርዳለች። ጥብቄ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አብራሪዎቿን ሁሉ ታደንቃቸው ነበር፤ እንዲህ ያለ ጀግና ግን አይታ አታውቅም። በጃንጥላ ይዞ ማስቀረቱ ነው ግፉ ብላ ከመስታወቱ ዞር አለች።

ልቧ እሺ ቢልም እግሯ ግን ያው እግር ነው። ስለዚህ አልተጣላችውም። ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማጠራቀሚያው አንድ እራፊ መዘዘችና ከጠፍሩ ጫፍ ጋር አገናኝታ መኪናው ሥር አስገባችው። ሰፋች፣ ሰፋች፣ የጠፍሩ ጫፍ ላይ ስትደርስ ሳታቆም ወደ እራፊው አለፈች። እግሯም እንደ ልማዱ ምርቃቱን እራፊው ላይ አንበሸበሸው። ከዚያ መቀሷን አንስታ እራፊውን ከነምርቃቱ ቆርጣ ጣለችው። በጠፍሩ ጫፍ ላይ የቀረችው አንዲት ያልተቆለፈች የክር ቀለበት ናት። ዘንጓን ሲያስገቡባት ቀና ብላ ማየት አልቻለችም፤ እንዲህ የተራቆተ ስፌት ከእጇ ወጥቶ አያውቅም።

የሙከራው ዕለት ከአዳራሹ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ግድግዳውን አልፎ የመጣው ድምፅ አጭር ነው፤ ትርርር፣ ከዚያ አሸዋው ላይ ዷ! ወዲያው ጭብጨባ ተከተለ። ሚጢ እየሮጠች ወጥታ ተጠመጠመችባት፣ አለቃውም መጥቶ ጨበጣት። "እንኳን ደስ ያለሽ!" አላት። የሰፋችው ተተረተረ ተብሎ እንኳን ደስ ያለሽ ስትባል የመጀመሪያዋ ነው።

ድንቡሼ ሄደች። መንገዱ ዓመታት ይፈጃል፤ በመሃሉ ጥብቄ ጡረታ ወጣች፣ ጸጉሯም ነጣ። ሚጢ የዋናው ክፍል ኃላፊ ሆነች። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሚጢ መኪና ልካ አስመጣቻትና መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ከጀርባዋ አስቀመጠቻት። ክፍሉ በሰውና በስክሪን ተሞልቷል። ወንበር የሚበቃው ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

"አሁን የት ደርሳለች?" አለች ጥብቄ በሹክሹክታ።

"አሁንማ የለችም አክስቴ። ሳተርን በጣም ሩቅ ስለሆነ ድምጿ እኛ ጋ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። አሁን የምንሰማው ሁሉ ያለፈ ነው።" ሚጢ ይህን ያለችው ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ በረጋ ድምፅ ነው። ስለ ድንቡሼ መጨረሻ ለጋዜጠኞች ስታስረዳም እንዲሁ የረጋች ናት፤ ትጨማደዳለች፣ ትቀልጣለች፣ ትተናለች።

ምልክቱን የሚቀበለው ባለሙያ በማዳመጫው ውስጥ የሚሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። "ደመናው ውስጥ ገብታለች።" ሰዉ ወደ ስክሪኖቹ ጠጋ አለ። "ጃንጥላው ተዘርግቷል።" ጥብቄ ፈገግ አለች፤ በዚህኛው እንኳ አልሰጋችም። ነፋሱ ተለካ፣ ብርዱ ተለካ፣ የአሞኒያው ደመና ታለፈ።  ባለሙያው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ያዘ።

"ስፌቱ ተተርትሯል! ጃንጥላው ለቋታል!"

ክፍሉ በጭብጨባ ሲናጋ ጥብቄ ብቻዋን "ወይኔ!" ብላ ጮኸች፣ እጆቿን ጭንቅላቷ ላይ ጭና። የሰው ዕድሜ ያህል የፈራችው ወሬ ነዋ! ሰዉ ዞሮ ሲያያት ነው ወደ ራሷ የተመለሰችው። ከዚያ ሳቅ ያዛት፣ እንባዋ በሳቁ መሃል ወረደ፣ ደስታዋን መደበቂያ አጣች። ድንቡሼ እየወረደች ነው። ቁጥሮቹ ስክሪኑ ላይ ይሮጣሉ፤ ጫናው ይጨምራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ እሷ ግን ትናገራለች።

"ውሃ!" አለ ባለሙያው፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። "የውሃው ደመና ውስጥ ናት!"

ሽማግሌዎቹ ሊቃውንት እንደ ልጅ ዘለሉ። አለቃው የነበረው ሰውዬ፣ እሱም ጡረታ ወጥቶ የተጋበዘ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መነጽሩን ይጠርጋል። ድንቡሼ አሁንም ትወርዳለች፤ ከታሰበላት ጥልቀት አለፈች፣ ከዚያም አለፈች። ጫናው ተሠርታ የተፈተነችበትን ሁሉ ዘለለ። ድምጿ ቀጠነ፣ ተቆራረጠ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ዝርግ ሆነ።

ሰዉ መተቃቀፍ ጀመረ። ንግግር የሚያደርግ ሰው ወደ ፊት ወጣ፣ በር ተከፈተ፣ ወሬው ወደ ኮሪደሩ ፈሰሰ። ባለሙያው ሥራው ስላለቀ መቀበያውን ሊያጠፋ እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አለች ሚጢ። ከስክሪኑ ፊት አልተነሳችም። የባለሙያውን ማዳመጫ ወስዳ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። "ትንሽ ቆይ።"

ጥብቄ ወንበሯን ስባ ከጎኗ ተቀመጠች። "ሚጢ፣ ምን ትሰሚያለሽ?"

ሚጢ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አደረገችው።  ከዚያም ማንም እንዳይሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ምናልባት አንድ ነገር ስትነካ ይሰማ እንደሆነ ብዬ" አለች።

ጥብቄ አየቻት። ያን ሁሉ ዓመት መሬት የለም ስትል የኖረችው እሷው ናት። ጥብቄ ይህን ልታነሳባት አልፈለገችም፤ እጇን ያዘችላት እንጂ። ቀና ብላም ለባለሙያው፣ "ተዋት የኔ ልጅ፣ አታጥፋባት" አለችው።

ባለሙያው እጁን ሰበሰበና የመቀበያውን ድምፅ ወደ ክፍሉ ድምፅ ማጉያ ለቀቀው፤ ሦስቱም የሬዲዮውን ባዶ ሹሹታ ሲያዳምጡ ቆዩ።